ይቅርታ ፍርድን ይሽራልን?

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባን የያዘበት ዕለት ነበረ። በአምስተኛው ዓመት በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ መናገሻ ከተማቸው ሲገቡ፥ በየመንገዱ ዳር ቆሞ እልል ከሚለው ሕዝብ መካከል አባቱን፥ ወንድሙን ወይም ልጁን በጠላት እጅ ያጣው ብዙ ነበረ፤ የገዳዮቹም ወገኖች ገና በከተማይቱ ውስጥ በብዙ ሺህ ይኖሩ ነበረ። ደም መመለስ የወንድነት ግዴታ ሆኖ በሚቈጠርበት አገር፥ ያውም በድል ቀን፥ የተበደለው ሕዝብ ከንጉሡ አፍ ምን ዓይነት ቃል ይጠብቅ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። የሰማው ግን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፥ ጠላት እስከ መጨረሻው ሰዓት ሲሠራው የኖረውን ግፍ እርሱም መልሶ በመሥራት የኢትዮጵያን መልካም ስም እንዳያጐድፍ፥ ጠላቱም ትጥቁን ፈትቶ በመጣበት መንገድ እንዲመለስ የሚያዝዝ ቃል ነበረ።

ስለ ክርስቲያናዊ ይቅርታ በተነገረ ቍጥር ይህ ታሪክ ይጠቀሳል፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው እኩሌታው ብቻ ስለ ሆነ፥ ሰሚው ይቅርታ ማለት በደልን ከመዝገብ ፍቆ ዳኛን ከወንበሩ ማስነሣት ነው ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ያው በቀልን የከለከለው መንግሥት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሙሉ በዳዮቹ በዓለም ፍርድ ቤት ፊት እንዲቆሙ ሲጠይቅና ሲከራከር መኖሩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔ ግን ሁለቱ ነገሮች፥ ማለት በቀልን መተውና ፍርድን መጠየቅ፥ ከአንድ ሃይማኖት የተወለዱ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ምክንያትም ይኸው ነው።

የበደሉን ልክ ሳያስታውሱ የይቅርታውን ልክ ማወቅ አይቻልም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለድኾች ምጽዋት በሚያስታድልበት ሰዓት፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት ወጣቶች ቦምብ ጣሉበት። እርሱ ቈስሎ ተረፈ፤ በዚያችው ቀን ማታ ግን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ወታደሮችና በከተማው የሚኖሩ ጣሊያኖች ጠመንጃ፥ ጩቤ፥ አካፋና ዶማ፥ ያገኙትን ሁሉ እየያዙ በሕዝቡ ላይ ተለቀቁ። የሣር ክዳን ባላቸው ጎጆዎች ላይ ቤንዚን እያርከፈከፉ በውስጣቸው ካሉት ሰዎች ጋር አቃጠሉ። ግድያው ሦስት ቀን ዘለቀ፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም የሞተውን ሰው 30,000 ያህል አድርጎ አስታውቋል። በሦስተኛው ወር፥ በግንቦት፥ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፥ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት ቦምብ ከጣሉት ጋር ተባብረዋል ተብለው ታፈሱና በጄኔራል ማለቲ ወታደሮች መትረየስ ፊት ተደርድረው አለቁ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም የገለጻቸው መነኮሳትና ዲያቆናት ከ400 ይበልጣሉ፤ በኋላ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ግን የሟቾቹን ቍጥር ከአንድ ሺህ በላይ ያደርሱታል። ይህ ሁሉ በሆነ በአራተኛው ዓመት ነው እንግዲህ ሕዝቡ እጅህን ሰብስብ የተባለው።

በዚያ ትእዛዝ ውስጥ የመንግሥት ጥበብ አልነበረበትም ለማለት አይቻልም። ከኢትዮጵያ ጋር ጠላትን የወጉት የእንግሊዝ ጦር መኰንኖች የጣሊያን ሲቪሎች ደኅንነት በብርቱ ያሳስባቸው ነበረ፤ አዲስ የተመለሰ መንግሥትም ሥርዓት ማስከበር እንደሚችል ለዓለም ማሳየት ነበረበት። ነገር ግን መሪ ቢያዝዝ ተመሪው ካልፈቀደ ቃል ብቻውን እጅ አይዝም። ወንድሙ በእሳት የተቃጠለበት ሰው ያን ጣሊያን በመንገድ ላይ አግኝቶ ሳይነካው ማለፉ፥ ከዚያም በኋላ ከቀሩት ጣሊያኖች ብዙዎቹ መካኒክ፥ ግንበኛና ባለ ሱቅ ሆነው በመካከላችን በሰላም መኖራቸው፥ በሕዝቡ ኅሊና ውስጥ በብዙ ዘመን ስብከትና ጾም የተተከለ አንድ ነገር መኖሩን ይመሰክራል።

ይህ የተተከለው ነገር ምንድን ነው? በወንጌል ይቅርታ የሚነገረው በዕዳ ምሳሌ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ለጌታው 10,000 መክሊት ዕዳ የነበረበት፥ ዕዳውም ሁሉ ከተማረለት በኋላ 100 ዲናር የሚፈልግበትን ባልንጀራውን ጉሮሮውን አንቆ የያዘው ባሪያ ታሪክ አለ። ከዚህ ምሳሌ ሰባኪው ሁሉ የሚያወጣው ትምህርት፥ ብዙ የተማረለት ሰው ጥቂቱን መማር እንዳለበት ነው፤ እርሱም እውነት ነው። እምብዛም የማይታሰበው ግን፥ ጌታው ዕዳውን ከመተዉ በፊት ሒሳቡን መተሳሰቡ፥ ባለዕዳውን አስቀርቦ ይህን ያህል አለብህ ማለቱ ነው። ያልተቈጠረ ዕዳ አይማርም። ስለዚህ በተበደለ ሰው ፊት ቆሞ ነገሩ ትንሽ ነው፥ ያለፈው አለፈ፥ ተወው የሚል መካሪ፥ ምሕረትን የሚያስተምር ይመስለዋል እንጂ በደሉን መካዱ ነው፤ የተካደ በደል ደግሞ ይቅር የሚባልበት መንገድ የለውም። በሉቃስ ወንጌልም ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፥ ቢጸጸት ይቅር በለው ብሎ ሲያስተምር፥ ተግሣጹን ከይቅርታው በፊት ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ቅዱሳት መጻሕፍትን በዚህ ዓይን ለሚያነብ ሰው የሚያጋጥመው ማስረጃ ብዙ ነው። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታ በቤቱ በገባ ጊዜ በደስታ ተቀብሎት ብቻ አልቀረም፤ የገንዘቡን እኩሌታ ለድኾች ሊሰጥ፥ ለቀማውም ሰው አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ፤ መዳን ለዚህ ቤት ሆነ የተባለውም ከዚህ በኋላ ነው። ንጉሥ ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን በወሰደ ጊዜ ነቢዩ ናታን ሳይፈራ ገሠጸው፤ ዳዊትም ኃጢአቱን አመነ፤ እግዚአብሔርም ነፍሱን ማረለት፤ የሆነው ሆኖ ሰይፍ ከቤቱ እንደማይርቅ የተነገረበት ፍርድ አልተነሣለትም። ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፥ ፈያታዊ ዘየማን ነው። ገነት በዚያው ዕለት ተሰጠችው፤ ከመስቀሉ ላይ ግን አልወረደም፤ እርሱም እንዲያወርዱት አልለመነም፤ ይልቁንም እኛስ የሚገባንን ተቀበልን ብሎ ፍርዱን ራሱ አጸናው። በዚያው መስቀል አጠገብ ለሰቃልያን የተደረገውን የምሕረት ጸሎት የሰማ ሰው ነበረ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ራሳችሁ አትበቀሉ፥ በቀል የእግዚአብሔር ነው ብሎ ካስተማረ በኋላ፥ ብዙ ሳይርቅ በሚከተለው ምዕራፍ መኰንን ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ፥ ክፉ አድራጊውንም ለመቅጣት የእግዚአብሔር አገልጋይ እንደ ሆነ ይናገራል። ምዕራፍ የሚባለው አከፋፈል በኋላ ዘመን የተጨመረ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ቃላት አንድ ነገር አድርጎ ማንበብ ይገባል። የተበደለው ሰው ሰይፉን ከእጁ የሚያኖረው ክፋት ያለ ዳኛ እንዲቀር አይደለም፤ በራሱ ጉዳይ ራሱ ዳኛ እንዳይሆን ነው። አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ሲሉ፥ ሰውን የሚያቃጥለው የጠፋበት ነገር ትልቅነት ሳይሆን ዳኛ ማጣቱ እንደ ሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበረ።

ይህ በትምህርት ብቻ የቀረ ነገር አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያናችን የንስሐ ሥርዓት ውስጥ በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ ይገኛል። አንድ ገበሬ የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ፥ የወሰኑን ድንጋይ በሌሊት ነቅሎ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ከተከለ በኋላ፥ ዓመታት አልፈው ኅሊናው ወቀሰው እንበል። ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፤ በዛፍ ሥር ወይም በደጀ ሰላሙ ጥግ ጫማውን አውልቆ፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይናዘዛል። ቄሱ ጾምና ስግደት ቀኖና ይሰጡታል። አስተዋይ ቄስ ከሆኑ ግን በዚህ አይበቃቸውም፤ ድንጋዩን መልሰኸዋል ወይ ብለው ይጠይቁታል። አልመለስኩም ካለ፥ ሂድና መልስ፥ የበላኸውንም እህል አስበህ ካስ፥ ከዚያ በኋላ ና ይሉታል። በመስቀላቸው ባርከው እግዚአብሔር ይፍታህ የሚሉት ድንጋዩ ወደ ቀድሞ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ነው። ድንጋዩ ባለበት ቆሞ አርባ ቀን ቢሰግድ፥ ጎረቤቱ ዘወትር ሲያርስ የሚያየው ያንኑ የተሰረቀ መሬት ነውና፥ ስግደቱ ለማን እንደሚሆን አላውቅም።

የዱሮው የአገራችን ፍርድም ይህን አካሄድ የተከተለ ነበረ። በ13ኛው መቶ ዓመት ግብፃዊው ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ባዘጋጀውና ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በአገራችን በሠራው በፍትሐ ነገሥት ዘመን፥ ነፍሰ ገዳይ በዳኛ ፊት ቀርቦ ከተፈረደበት በኋላ የሟች ወገኖች ወይ ሞቱን፥ ወይ የደም ካሳውን፥ ወይ ምሕረቱን ይመርጡ ነበረ። በዳይ ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበዳይ ፊት የሚወድቅበት ልማድም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ ራስ መንገሻ ዮሐንስ በ1886 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የገቡት በዚህ ሥርዓት ነበረ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ነገር ይታያል፤ ምሕረቱ የሚመጣው እውነቱ በአደባባይ ከታወቀ በኋላ ነው፤ የሚምረውም የተበደለው ሰው እንጂ ሌላ አይደለም።

ወደ ጣሊያን ነገር ልመለስ። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል፥ የዘረፈችውንም ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ፥ የጦር ወንጀለኞችንም አሳልፋ እንድትሰጥ ያስገድድ ነበረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ማስረጃውን አሰባስቦ፥ በመጽሐፍም አሳትሞ አቀረበ፤ በ1940 ዓ.ም. በለንደን የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን የጦር አዛዦቹ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ከሚገኙባቸው 10 ሰዎች ላይ ለክስ የሚያበቃ ነገር መኖሩን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ግን ከእነርሱ አንዱም ስለ ኢትዮጵያ ደም በፍርድ ቤት አልቆመም። ባዶሊዮ ጣሊያን ከሙሶሊኒ ተላቃ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር በታረቀችበት ጊዜ የመንግሥቱ መሪ ስለ ነበረ፥ ኃያላኑ ሊነኩት አልፈለጉም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ የጦር ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈረደበት ግን ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው፤ ከፍርዱም በኋላ ጥቂት ወራት ታስሮ ተለቀቀ። ካሳው በኋላ በስምምነት ተቀንሶ፥ የቆቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ከዚሁ የጦር ካሳ ተሠራ። በ18 ወር ውስጥ መመለስ የነበረበት የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በቦታው የቆመውም በ2000 ዓ.ም.።

ይህን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ይቅርታ ያደረገው ሕዝብ ድርሻውን ፈጽሟል፤ የጐደለው ፍርድ ነው፤ እርሱንም ያጐደሉት ፍርድ የመስጠት ሥልጣን የነበራቸው ናቸው። ያልተፈረደበት ወንጀል ደግሞ ከዘመን ብዛት ወደ ክብር የሚለወጥበት ጊዜ አለ፤ በ2004 ዓ.ም. በሮም አቅራቢያ አፊሌ በተባለችው መንደር ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንፃ ቆመለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እዚህ ላይ የወጋው ወገን መርሳት ብቻ ሳይሆን መወደስ ጀመረ።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ በወንድማማቾች መካከል የሆነው ነው። የቀይ ሽብር ወንጀል ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ የደርግ ባለሥልጣኖች ጥፋተኝነት የተወሰነው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ የሞት ፍርድ ተፈረደ። ከዚያ በኋላ የልዩ ልዩ ሃይማኖት አባቶች ተባብረው ለፍርደኞቹ ምሕረት ሲለምኑ፥ ልጆቻቸውና ወንድሞቻቸው ያለቁባቸው ቤተሰቦች ተቃወሙ፤ ሞቱ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። አንዳንድ ሰው በዚያ ጊዜ ቤተሰቦቹን ጨካኞች አድርጎ ነበረ የተመለከታቸው። እኔ እንዲህ አልልም። የሞት ፍርድ እንዲቀር መለመን ለአባቶች ተገቢ ሥራ ነው፤ ነፍስ እንዳይጠፋ መማለድ የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ልማዷ ነውና። ነገር ግን በልጇ ሬሳ ላይ እንዳታለቅስ የተከለከለች እናት ሳትጠየቅ በእርሷ ስም ይቅር የሚል ሰው፥ እርሱ ያልያዘውን ገንዘብ ለሌላ የሚያድል ሰው ነው። መንግሥት ቅጣት ሊያቀል ይችላል፤ ካህን ከእግዚአብሔር የሚሆነውን ሥርየት ያውጃል፤ የእናትየዋን ይቅርታ መስጠት የምትችለው ግን እናትየዋ ብቻ ናት።

ይኸው ስሕተት በየቤቱ በትንሹ ሲደገም ይታያል። ባሏ የደበደባት ሴት ወደ ወላጆቿ ቤት ስትሸሽ፥ በማግሥቱ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአግዳሚው ላይ ይደረደራሉ፤ ባል ቀርቦ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ምን እንዳደረገ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ወደ እርሷ ዞሮ እማሆይም፥ አጎትም፥ ጎረቤትም ለእግዚአብሔር ብለሽ፥ ለልጆችሽ ብለሽ እያለ ያጣድፋታል። ዓይኗ ገና አብጦ ሳለ እሺ ትላለች፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለው ይሳሳማሉ፤ ቡና ይፈላል። የሽማግሌዎቹ አሳብ ቅን መሆኑን አልጠራጠርም። ዳሩ ግን በዚያች ዕለት ንስሐ የተጠየቀው በዳዩ ሳይሆን ተበዳይዋ ናት፤ እርሱ በአንድ ሰዓት አንገት መድፋት የገዛውን ነገር እርሷ በሕይወቷ ልትከፍለው ትችላለች። ይቅር ማለትና በዚያው ሌሊት ወደዚያው ቤት መመለስ አንድ ነገር አይደሉም። ልቧን ከበቀል ማንጻት ከእግዚአብሔር ጋር የምትጨርሰው ጉዳይ ነው፤ አብሮ መኖር ግን የሰውየውን መለወጥ፥ ጊዜንም፥ ማስረጃንም ይጠይቃል። ያልጠገገ ቁስል በላዩ ጨርቅ ቢያስሩበት በውስጡ መግል እንደሚቋጥር፥ በጥድፊያ የተደረገ እርቅም እንዲሁ ነው።

ጥልቅ ሐዘን ያለበት ሰው ይቅርታ ማድረግ ቢያቅተው፥ ክርስትናው ጐደለ ብሎ መፍረድ እንዴት ያለ ድፍረት ነው! መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ የሚደግም ካህን፥ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስንት ጊዜ የተበደለ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ፍረድልኝ እያለ እንደሚጮኽ ያውቃል። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ሰማዕታት በመሠዊያው ሥር ሆነው እስከ መቼ አትፈርድም ብለው ሲጮኹ፥ ዝም በሉ አልተባሉም፤ ነጭ ልብስ ተሰጣቸው፥ ጥቂት ዘመንም እንዲታገሡ ተነገራቸው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ጩኸቱን በጸሎቷ ውስጥ ከተቀበለች፥ የንስሐ አባት በአንዲት መበለት አፍ ሲሰማው ሊደነግጥ አይገባውም። ይቅርታ በብዙ ሰው ዘንድ በአንድ ቀን አይፈጸምም፤ ዛሬ ተውኩት ብሎ ያደረ ሰው ነገ የገዳዩን ድምፅ በገበያ ሲሰማ ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ይነሣበታል፤ ደግሞ ይጀምራል። ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ብሎ በጠየቀ ጊዜ የተሰጠው ሰባ ጊዜ ሰባት የሚል መልስ ስለ ብዙ በደል ብቻ ሳይሆን፥ ስለ አንዱ ጥልቅ በደል ብዙ ጊዜ ይቅር ስለ ማለትም ሊነገር እንደሚችል አምናለሁ።

እውነቱ ከይቅርታው መቅደም እንዳለበት የቅርብ ታሪካችንም ያሳያል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት በደርግ ያለ ፍርድ የተገደሉት የስድሳው ባለሥልጣኖች ዐፅም ከተጣለበት ወጥቶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር ያረፈው፥ በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅም በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎለት የተቀበረው፥ በዚሁ ዘመን የጠፉት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የቄስ ጉዲና ቱምሳ አስከሬን የተገኘው፥ ሁሉም በ1984 ዓ.ም.፥ መቃብሩ ይፈለግ፥ ያወቀም ይናገር ከተባለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ወደ እነዚህ ቤተሰቦች ሄዶ ይቅር በሉ የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ፥ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው የት ጣላችኋቸው ብሎ ነበረ፤ መካሪውም ያን መልስ ሳይዝ መምጣት አልነበረበትም።